ትንሿ ዝንጀሮ ስትጮህ ማን ይመጣል

አሶሳ ሥራ የጀመርኩ ቀን ቢሮው ወንበር አልነበረውም። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬን የተቀበልኩት የዘር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ጀማሪ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይላል።

የቡድን መሪያችን የሩቅ ማያ መነጽርና ደብተር ሰጡኝና «ባምባሲ አጠገብ ዝንጀሮ በቆሎ ጨርሷል። እርሻ ቀድሞ የሚገባውን ለይተሽ ጻፊ፤ እናስመታዋለን» አሉ። ሳቅ ብለውም «ዝንጀሮ ግን ሴት አይፈራም» ብለው ጨመሩ። እሳቸው ይሳቁ፤ እኔ ግን ፈራሁ።

አብረውኝ የተመደቡት የእርሻ ጠባቂ አቶ ሐሚድ የበርታ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። «ማን ሲመጣ ማን ቦታ ይለቃል፣ እሱን ጻፍ፤ አንዱን ከሌላው የምትለየው በሱ ነው» አሉኝ።

ድመት የምታክል አንዲት ትንሽ ሴት ዝንጀሮ ነበረች። እሷ ስትመጣ ትልልቆቹ እንስቶች የያዙትን እሸት ጥለው ይነሳሉ። ግራ ገባኝና «ምን አላት?» አልኩ።

«እናት አለው» አሉ አቶ ሐሚድ።

በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ቦርሳዬን ጎተተች። ሳላስብ ማንገቻውን ያዝኩ፤ ጮኸች። እናቷ ከየት መጣች ሳልል ፊቴ ቆማ ጥርሷን አሳየችኝ። አቶ ሐሚድ ቀስ ብለው «ልቀቅ እህቴ፣ ዓይኑን አትይ» አሉኝ። ለቀቅኩ። ሽንቴም አመለጠኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ምን አፍራለሁ። ትንሿ እዚያው ቁጭ ብላ ምሳዬን በላች።

ደረጃዋን የምታገኘው እንዲህ ነበር። ትጮሃለች፣ እናቷ ትመጣለች። ይህን ያዩት በሌላ ቀን ሳትጮህም ይነሱላታል።

ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ሪፖርቱን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሻ ቀድሞ የሚገባው አንድ ትልቅ ወንድ ነው፤ ደብተሬም ይህንኑ ይላል። እኔ ግን «እናቲቱ ናት» ብዬ ጻፍኩ።

«እናትየው አይደለም ቀድሞ የሚገባው» አሉ አቶ ሐሚድ። «ደግሞ ልጅ አለው።»

«እኔም ነፍስ አለኝ» አልኳቸው።

ቢሮው የላከው ተኳሽ በሳምንቱ መጥቶ እናቲቱን መታት።

በማግስቱ ትንሿ እንደ ልማዷ እሸት ወደያዘች እንስት ሄደች። እንስቷ አልተነሳችም። ትንሿ ጮኸች። ደግማ ጮኸችና ወደ ጫካው ዞራ ጠበቀች። ማንም አልመጣም። እንስቷ ነክሳ ገፋቻት፤ ከዚያ ሌላዋም፣ ሌላዋም። መንጋው ሲሄድ ከሁሉም ኋላ ነበረች።

ትልቁ ወንድ ዝንጀሮም በነጋታው በቆሎው ውስጥ ገባ። አቶ ሐሚድ ድንጋይ አንስተው ሊያባርሩት ሄዱ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተ ጀማሪዎች፣ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ሪፖርት አትጻፉ። ነገ ጻፉት።