ቶርኪል የደበቃቸው ቡሾች

ቶርኪል ማክአስኪል ግትር ነው። ይህን የምለው ስለምወደው ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው ግን አኮርፋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑን ለእኛ፣ ባግፓይፕ የሚባለውን ባለከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ለምንነፋው፣ ለቀቀልን። ቅዳሜ ከሰዓት የፈለገ ሰው ይመጣል። አለቃ የለን፣ ያሸበረቀ የሰልፍ ልብስ የለን። ሹራባችንን እንደለበስን፣ ሻያችንን የሬንጅ በርሜል ላይ አስቀምጠን፣ ክብ ሠርተን እንነፋለን።

አንድ ልማድ ብቻ አለን፤ የመጨረሻውን የጥንት ዜማ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው ብቻውን ይነፋል። እሱም ቶርኪል ነው።

ከገና ወዲህ ግን አመሉ ተለወጠ፤ የመጨረሻውን ዜማም ሰበብ እየፈለገ ይተወው ጀመር። የነፊ ሁለት እጆች ከከረጢቱ ሥር የተሰካው ዋሽንት ላይ ስለሆኑ፣ ትከሻው ላይ የቆሙትን ሦስት ማጀቢያ ቱቦዎች ድምፅ የሚያስተካክልለት አጠገቡ ያለው ሰው ነው። እኔ ለቶርኪል ይህን ሳደርግ አርጅቻለሁ። አሁን ግን ገና እጄን ስዘረጋ ይቆጣል።

«እጅህን ሰብስብ፣ ኤክን!»

«ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። አርፈህ የራስህን አስተካክል፤ እንደታመመች ላም ነው የሚጮኸው።»

ሁሉም ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ እንጂ ምንም አልጠረጠርኩም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ዜማ ደረሰ። ያን ቀን ብንለምነው ቶርኪል ጀመረ፤ ድምፁ ሳስቶ ነበር። ዜማው እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ፊቱ ቀላ፣ በክንዱ ሥር ያለው ከረጢት ሟሸሸ፣ ዋሽንቱም ሲጥ ብሎ ቀረ። ቱቦው የተበላሸ መስሎኝ ሳይከለክለኝ እጄን ሰደድኩ። ከሦስቱ የሁለቱ አፍ በወይን ጠርሙስ ቡሽ ተደፍኗል። ትንፋሹን እንዳይጨርሱበት ነው። ለካ ሳንባው ከድቶት፣ በእኛ ጩኸት ውስጥ ተሸሽጎ፣ በአንድ ቱቦ ሲነፋ ከርሟል።

«አወቃችሁ አይደል?» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሐኪሙ በቃህ ብሎኛል። የማልነፋ ከሆነ ደግሞ እዚህ ምን እሠራለሁ? መጋዘኑ የእናንተው ነው፤ እኔ ከእንግዲህ አልመጣም።»

 ከእኛው ነፊዎች አንዷ፣ ዓሣ ሻጯ ኢሽቤል ግን አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ መጣች። ሠርግ ላይ ጎረምሶች ለቀልድ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ አንዱ ከረጢቱን ይዞ ሲነፋ ሌላው ጣቱን ዋሽንቱ ላይ ያሯሩጣል። ኢሽቤል የቶርኪልን ከረጢት ነጥቃ በራሷ ብብት ሥር ወሸቀችው።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ሳንባ ላውስህ ነዋ!»

«ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ።»

«አንተስ ሬንጅ ሬንጅ አይደል የምትሸተው? ጣትህን አምጣ አልኩህ!»

ቡሾቹን ነቅዬ ወረወርኳቸው። እሷ ነፋች፤ እሱ እያጉረመረመ ጣቶቹን ዋሽንቱ ላይ አሳረፈ። ሦስቱም ቱቦዎች አብረው ጮኹ፤ ከገና ወዲህ ያልሰማነውን ዜማ እስከ መጨረሻው ሰማን። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳይቀር ፈርቼ በሩን በሩን ሳይ ነበር። ከሁላችንም ዘግይቶ ገባ። ከረጢቱን ከነቱቦዎቹ ቤቱ ትቶ፣ ዋሽንቱን ብቻ ነቅሎ በኮቱ ኪስ ሰክቶ መጥቷል።

«እሺ» አለ አንድ በአንድ እያየን፤ «ዛሬ የማን ሳንባ ነው ተራው?»