ከጠበል ያወጣሁት አጥቂ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ስናገር ይህን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። አሁን ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ እግር ኳስ ክለብ አሰልጣኝ ነበርሁ። ባለቤቴ ሞታ፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ገብተው፣ ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ልምምድ አሠራለሁ፤ ከሰዓት ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ ልምምዱ አወራለሁ፤ ሲመሽ በሬን ከፍቼ እገባለሁ። ክለቡን ወደ ላይኛው ሊግ ከማሳደግ በቀር የምመኘው ነገር አልቀረኝም ነበር።

የኔሰው የሚባለውን አጥቂ ያመጣሁት ያን ጊዜ ነው። የሉማሜ ልጅ ነው። ኳስ ግራ እግሩ ላይ ስትደርስ ተከላካዮች ገና ሳይነካት ወደ ኋላ ያፈገፍጉ ነበር። ነገር ግን ሁለት ክለቦች አባረውታል። ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይጣላል፤ ሲጣላ ደግሞ ማንን እንደሚመታ አያይም። ስሙን ለክለቡ ኮሚቴ ሳነሣ ስብሰባው ታመሰ። አቶ ሙሉዓለም የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ከአባላቱ አንዱ ነበሩ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ረጋ ብለው፣

«ልጁን የምንረዳው ከሆነ እናምጣው። እግሩን ብቻ ፈልገን ከሆነ ግን ይቅርብን» አሉ።

«እንደ ልጄ አድርጌ እይዘዋለሁ» አልሁ። «ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

ያን ቀን ዋሽቻለሁ? ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅሁት። የዋሸሁ አይመስለኝም። ቤቴ አጠገብ ክፍል ተከራየሁለት። ማታ ማታ ሽሮ ሠርቼ አብረን እንበላለን፤ እሱ ያወራል፤ እኔ አዳምጣለሁ፤ ዝም ብሎ የኖረ ቤቴ የሰው ድምፅ አገኘ። ወድጄው ነበር። ሲጠጣ ግን ሸሸግሁለት። ልምምድ ሲቀር «ታይፎይድ ይዞታል» አልሁ። እሱ ጎል ያገባል፤ እኔ እዋሻለሁ። እንዲህ እያልን ወደ ደረጃው አናት ወጣን።

አንድ ጠዋት ራሱ መጣ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ መተው እፈልጋለሁ። ብቻዬን አልቻልሁም» አለኝ።

እናቱ ወይዘሮ የሺ ከሉማሜ መጥተው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ካለ ጠበል ሊወስዱት ነው። ሱባኤውን እስኪጨርስ እንዳይወጣ ተነግሮታል። አቅፌ ሳምሁት፤ መርቄም ሸኘሁት። ያችን ቀን አስታውሱልኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው የሆንሁባት ቀን እሷ ብቻ ነች።

ያለ እሱ ተሸነፍን። በሚቀጥለውም ተሸነፍን። የመጨረሻውን ጨዋታ ካላሸነፍን የዓመቱ ልፋት ገደል ሊገባ ሆነ፤ እኔም ወደ ሮብ ገበያ በሚሄድ መኪና ተሳፈርሁ።

ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጋቢ ለብሶ፣ ፀጉሩ ከጠበሉ ገና ሳይደርቅ፣ ከሌሎች ጠበልተኞች ጋር ቆሎ ሲበላ አገኘሁት። ፊቱ ጠርቷል። ሲያየኝ ሳቀ። ወይዘሮ የሺ ልጠይቀው የመጣሁ መስሏቸው እጄን ያዙኝ።

«እርስዎ አባቱ ነዎት። እንዲጨርስ ይምከሩልኝ» አሉኝ።

የመጣሁበትን ስናገር እጄን ለቀቁት። የኔሰው መሬት መሬቱን እያየ፣

«ባልመጣ ይቀየሙኛል፣ ጋሼ?» አለኝ።

አልቀየምህም ማለት ነበረብኝ። ይህን ብቻ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን «እኔስ አልቀየምህም፤ ዓመቱን ሙሉ አብረውህ የለፉት ልጆች ምን ይሉሃል?» አልሁት። የት ላይ እንደሚያመው አውቅ ነበር። ራት እየበላን ሲያጫውተኝ ያወቅሁለትን ነው መልሼ የመታሁበት። ለእናቱም «ተጫውቶ በማግሥቱ ይመለሳል፤ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ልብሱን ሰብስቦ ተከተለኝ። እሳቸው አልሸኙንም።

ይህ ገና ትንሹ ነው።

በጨዋታው ቀን ሌሎቹ ሰውነታቸውን ሊያሟሙቁ ወጥተው መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። የታኬታውን ክር ሦስቴ አስሮ ሦስቴ ፈታው።

«ፈራሁ፣ ጋሼ። ሳልጠጣ ትልቅ ጨዋታ ገብቼ አላውቅም» አለኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ አረቄ ነበረ። ከየት መጣ? እኔ ገዛሁት። በዋዜማው ገዛሁት። ስገዛው ለእንግዳ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ ቤቴ እንግዳ እንደማይመጣ እያወቅሁ። በሻይ ብርጭቆ ቀድቼ ዘረጋሁለት። ብርጭቆውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እርስዎ ነዎት የሚሰጡኝ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው» አልሁት።

እኔ ቀዳሁ። እኔ ሰጠሁ። ማንም አላስገደደኝም። ጠጣ፤ ደገምሁለት፤ ጠጣ። ወጥቶም ሁለት ጎል አገባ። አደግን። ባጃጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ ከተማውን ዞሩት፤ ሰው እሱንም እኔንም በትከሻው ተሸከመን። በማግሥቱ ወደ ጠበሉ አልመለስሁትም። ሰክሮ ተኝቷል ብለው ነገሩኝ፤ የት እንደተኛ እንኳ አልጠየቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ ልምምድ ላይ ሰክሮ መጥቶ የበረኛችንን መንጋጋ ሰበረ። ኮሚቴው ተሰበሰበ። የኔሰው በሩ አጠገብ ቆሟል። አቶ ሙሉዓለም ወደ እኔ ዞረው፣

«በመጨረሻው ጨዋታ ዕለትም አረቄ ይሸተው ነበር ይባላል። ከጠበል የመጣ ልጅ ከየት አገኘው?» አሉ።

«አላውቅም» አልሁ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምሁም። «የምችለውን ሁሉ አድርጌለታለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ አይድንም» ብዬ ጨመርሁበት።

የኔሰው ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር አልቆልኝ ነበር። እሱ ግን መለያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ለምን ዝም አለ? የሚያምነኝ የለም ብሎ ነው? ወይስ አሳዘንሁት? እስከ ዛሬ አላውቅም። የተከራየሁለት ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ገባ፤ እኔም ሽሮዬን ብቻዬን መብላት ጀመርሁ። ሰዎች ቡድን ያሳደገ አሰልጣኝ እያሉ ቤታቸው ይጠሩኛል፤ ምክንያት እየፈጠርሁ ቀረሁ። መንገድ ላይ አስቁመው ሲያመሰግኑኝ ያ ብርጭቆ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ምክር ፈልጎ ቤቴ ድረስ መጣ። ደምበጫ ላይ ጎበዝ ተከላካይ አግኝቷል፤ ልጁ ግን በስርቆት ታስሮ የተፈታ ነው።

«ላምጣው ወይስ ይቅርብኝ? እርስዎ እንዲህ ያለውን ይዘው ዐይተዋል» አለኝ።

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያኔ ነበር። «ሞክሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ አይድንም» አልሁት። አመስግኖኝ ሄደ፤ ልጁንም ተወው። ለራሴ መደበቂያ ብዬ የተናገርሁት ውሸት የባለሙያ ምክር ሆኖ፣ መልኩን እንኳ በማላውቀው ልጅ ላይ በር ዘጋበት።

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ቆመ። ሻይ ልጠጣ ስወርድ አንድ ጎልማሳ ከባጃጁ ወርዶ እየፈጠነ መጣ። የኔሰው ነበር። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። አስቀምጦ ሻይ አዘዘልኝ። ከመጠጥ ከተላቀቀ ዓመታት አልፈውታል። ወደዚያው ጠበል ተመልሶ የገባው ብቻውን ነው፤ እናቱ መዳኑን ሳያዩ ዐርፈዋል። አጠገባችን ለተቀመጡት ሰዎች «አሰልጣኜ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። የሚወቅሰኝ ነገር ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ።

«ልጆች አሉህ?» አልሁት።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ስለ እሷ እየነገረኝ ሳለ ረዳቱ ተሳፋሪውን ጠራ፤ እኔም ተነሣሁ። ባይጠራም እነሣ ነበር።

ችግር ያለበትን ጎበዝ ተጫዋች ክለብ ያምጣው አያምጣው ብላችሁ የምትከራከሩ ካላችሁ፣ የእኔን ቃል ከክርክሩ አውጡት። የኔሰው ድኗል። ያመጣሁት ላድነው ነበር ማለት እችላለሁ፤ ሊድን ሲል ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብቸኝነቴን፣ የኮሚቴውን ጫና፣ የከተማውን ጉጉት ምክንያት አድርጌ ላቀርብላችሁ እችል ነበር። አላቀርብም። አረቄውን የገዛሁት ተረጋግቼ ነው።

ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም። የበደልሁት ሰው ሉማሜ ነው ያለው። ከደብረ ማርቆስ ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። እስከ ዛሬ አልሄድሁም።