«እንዴት ዋልሽ» የለመደችው ጫጩት

የሰፈሩ ልጆች «ድዳው» ነበር የሚሉት። ድዳስ አልነበረም፤ አፉን የዘጋው ሥራው ነው። ዘሩ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው አንድ የረግረግ ወፍ አለ፤ ግራጫ፣ ቁመተ ሎጋ፣ ባለ ረጅም እግር። የዚህን ወፍ እንቁላል በማሽን አስፈልፍሎ፣ ጫጩቶቹን አሳድጎ ወደ ረግረጉ በሚመልስ ጣቢያ ውስጥ ተቀጥሮ ጫጩት ሲያሳድግ ነው ዕድሜው የሄደው። የጣቢያው ሕግ ጥብቅ ነው፤ ጫጩት የሰው ፊት አታይም፣ የሰው ድምፅ አትሰማም። ሰው የለመደች ወፍ ከተለቀቀች በኋላ ሰው ባየች ቁጥር እየሮጠች ትሄዳለች፤ የሚገጥማት ሁሉ ደግሞ ደግ አይደለም።

ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሲገባ ከአናቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ነጭ ቀሚስ ያጠልቃል፣ ፊቱን በስስ ጥቁር ጨርቅ ይከልላል፣ በቀኝ እጁ የእናት ወፍ ራስ አስመስለው የሰፉትን ጓንት ያደርጋል። በዚያ በጨርቅ ምንቃር ትል ያጎርሳል፣ ውሃ አጠጣጥ ያሳያል። ቢያስለው ውጦት፣ ቢያስነጥሰው አፍኖት ይውላል። ዓመት ከዓመት እንዲህ የኖረ አፍ ማታ ቤት ሲገባም በዋዛ አይፈታም።

ሚስቱ ደግሞ ጨዋታ ወዳድ ነበረች። «አንተ ሰውዬ፣» ትለው ነበር፣ «ለወፎቹም ዝም፣ ለእኔም ዝም። ድምፅህን ለማን ነው የምታስቀምጠው? ሌላው ቢቀር ስትገባ እንዴት ዋልሽ በለኝ እንጂ።» እሱ ፈገግ ይልና ጫማውን ያወልቃል። ነገ እላታለሁ ብሎ አስቦ ነበር እንዳልል፣ አላሰበም፤ ነገሩን ከቁም ነገርም አልቆጠረው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ አገኛት። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲላቀስ እሱ ግን እንባውም ድምፁም እምቢ አሉት። አንዳንዱ ሰው ልበ ደንዳና ነው ብሎ አማው። ሐሜት መቼ ይጠፋል።

ወደ ሥራው ሲመለስ ከዚያ ዓመት እንቁላሎች የተፈለፈለችው አንዲት ብቻ ሆና ቆየችው። የጣቢያው ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እሷ ላይ ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ትሏን ይዞ ሲገባ ጫጩቷ አንገቷን ቀና አደረገችና አየችው። ያኔ ከጨርቁ ስር ቃሉ አመለጠው፦ «እንዴት ዋልሽ።»

ክው አለ። ማንም ግን አልሰማም። በማግሥቱ ሲገባ ደግሞ እንዳያመልጠው አልተጠነቀቀም፤ አውቆ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ሳይላት ውሎ አያውቅም። ትንሿ ወፍ ቃሉን ስትሰማ ክንፏን ከፈት አድርጋ እየሮጠች ትመጣለች፣ እሱም ለአፍታ ልቡ ይሞቃል። ምን እያጠፋ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢያውቅም ግን መተው አቃተው።

የመለቀቂያዋ ወራት ሲቃረብ የጣቢያው ኃላፊ፣ ወጣቷ ዶክተር፣ ወፏን ልታይ መጣች። ከወፏ አጥር ራቅ ብላ የምትጠርገውን ሴትዮ አገኘችና «እንዴት ዋልሽ» አለቻት። ወፏ አንገቷን አስግጋ ወደ ድምፁ ሮጠች፣ ሽቦው ላይም ተለጠፈች። የዶክተሯ ፊት ጠቆረ። እሱ ከጎኗ ቆሞ ነበርና ወፏ እንዳታየው ዞር ብሎ የፊቱን ጨርቅ አወለቀ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አለ። «ሰው ስላጣሁ ነው።»

አልተቆጣችውም፤ ለቅሶ ደርሳው ነበር። ወፏ እንዲህ ሆና ከወጣች ዓመት እንደማትቆይ፣ ካልወጣችም ዕድሜ ልኳን ሽቦ ውስጥ እንደምትቀር ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቃሉን የወደደችው ከእርስዎ አፍ ነው» አለችው። «ሊያስጠሏት የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

እናም ቀሚሱን አውልቆ፣ ፊቱን ገልጦ፣ ባዶ ቆርቆሮና ዱላ ይዞ ገባ። «እንዴት ዋልሽ» አላት። እየሮጠች መጣች፤ ፊቱን አይታው ስለማታውቅ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ቆርቆሮውን ደበደበ። ደነገጠች፣ የምትገባበት ጠፋት፣ በመጨረሻም ከጩኸቱ ለመሸሽ እሱው ጉያ ገባች። ቆርቆሮውን አናቷ ላይ ደግሞ ደበደበው። ዶክተሯ ከአጥሩ ውጭ ፊቷን አዞረች።

ቀን በቀን ላንቃው እስኪሰነጠቅ ያንኑ ቃል ጮኸባት። ለሚስቱ አንድ ቀን ቀስ ብሎ ያላለውን ቃል ለወፏ በቁጣ፣ በቆርቆሮ አጅቦ አደረሰላት። አንድ ማታ ዱላውን ገና ሳያነሳ፣ ቃሉን ብቻ እንደሰማች ተስፈንጥራ ጥግ ያዘች፣ እዚያው ሆና ተንቀጠቀጠች። «ተሳካልዎት፣ ጋሼ» አለችው ዶክተሯ። እሱ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሄዶ፣ በሚስቱ ቀብር ቀን እምቢ ያለውን እንባ ያን ቀን አለቀሰ።

የመለቀቂያዋ ቀን ረግረጉ ዳር በመኪና የመጣችበትን ሳጥን ከፈቱላት። ወጣች፤ ግን መኪናውን ተጠግታ ቆመች፣ አልሄድ አለች። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ቆርቆሮውን አላነሳም። ጥቂት ወደ ፊት ራመድ ብሎ፣ ከሥራ ገብቶ በሩን እንደሚከፍት ሰው ለስለስ አድርጎ «እንዴት ዋልሽ» አላት። ክንፏን ዘርግታ ተነሳች፣ ከቄጠማው በላይ ሆነች፣ ከዚያ ማዶ ጠፋች። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እሱም አጨበጨበ።

ማታ ቤቱ ደርሶ በሩን ከፈተ። የሚስቱ ወንበር እንዳለ ነው፣ ነጠላ ጫማዋም ከአልጋው ስር አለ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ቢላት፣ ከእሷ እዚያ ቤት የቀረው ነገር እንዳይሸሸው ፈራ። ዋጠውና ጫማውን አወለቀ።