የባሕር ጠላቂዎቹ ሞተር ውርጌሳ ላይ

ቶይባ የመርሳ ሴት ናት፤ የጉድጓድ ቆፋሪው የሙስዐብ ሚስት። ፈሪ ናት ይሏታል። ይበሉዋ! የሚሏት ሰዎች እሷ ያየችውን ቢያዩ ከቤታቸው ደጃፍ የማይወጡ ናቸው።

የዛሬ ሦስት ዓመት የሙስዐብ ታላቅ ወንድም ሚስባህ አንድ የሽንኩርት ማሳ ዳር ያለ አሮጌ ጉድጓድ ሊጠርግ ወርዶ በዚያው ቀረ። ውኃ አልወሰደው፣ ድንጋይ አልመታው፣ ገመዱ አልተበጠሰ። እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ነው የተገኘው። ገሚሱ ሰው "ጂን ነው" አለ፣ ገሚሱ "ዓይን ነው" አለ። ሙስዐብ ግን ሙያው ነውና ያውቀዋል። ተከድኖ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ ክፉ አየር ይተኛል፤ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ የገባበትን ሳያስነጥስ ይወስደዋል። ያን ዕለት ሙስዐብ ወንድሜን ላውጣ ብሎ ሊዘል ሲል አራት ሰው ሆነው ነው ይዘው ያስቀሩት። አንዷ ቶይባ ነበረች፤ ሽርጡን ይዛ ስትጎትት ተተርትሮ ግማሹ እጇ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ "ይቅርብህ፣ ሌላ ሥራ ያዝ" ስትለው ከረመች።

"ምኑን ልያዝ?" አላት አንድ ቀን፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። "መሬት የለኝ፣ ሱቅ የለኝ። ይህ እጅ የሚያውቀው መቆፈር ብቻ ነው።"

እውነቱን ነው። ነገሩን ተወችው። መተው ግን መተኛት አይደለም። እሱ ጉድጓድ በወረደ ቁጥር እሷ እቤቷ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ስትንገበገብ ትውላለች።

አንድ ሰሞን ታዲያ ሙስዐብ ከወልድያ ወሬ ይዞ መጣ። ቢኒያም የሚባል፣ ከጂቡቲ ያገለገለ ዕቃ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ጉደኛ ኮምፕሬሰር አለው አሉ። "እኔም እሄዳለሁ" አለች ቶይባ። ሚኒባስ ይዘው ሄዱ።

"ይቺ እንደ ጎሚስታዎቹ ጎማ የምትነፋዋ አይደለችም" አለ ቢኒያም፣ ሞተሩን እንደ ሙሽራ ፈረስ እየደባበሰ። "ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች ናቸው የሚተነፍሱባት። ንጹሕ አየር ከላይ ትስባለች፣ ታጣራለች፣ በረጅም ቱቦ ታች ላለው ሰው ታደርሳለች። ሰውየው ጭምብሉን ፊቱ ላይ ያጠልቃል፣ በቃ!"

"ሰው ሞቶባታል?" አለች ቶይባ።

ቢኒያም ክው አለ። "ኧረ እቴ! ዕቃ ሲገዛ እንዲህ ይጠየቃል?"

"እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።"

ነጠላዋን ገልጣ ነጭ ሻሿን ፈታችና ሞተሩ እንዲነሳ አዘዘች። ሻሹን ከቱቦው አፍ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ስታነሳው መሐሉ ላይ ቢጫ የዘይት ክብ ወጥቶበታል። ሙስዐብን አየችው፤ ሙስዐብ ነጋዴውን አየው። ቢኒያም አንገቱን እያከከ "ማጣሪያው ደክሟል" አለ። የማጣሪያውን ከሰል ደፍቶ አዲስ ሞላበት፣ ዘይቱንም ለወጠው። ሻሹ በሌላ ጥጉ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቶይባ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ዕቃውን ገዝተው ሲለያዩ ግን ነጋዴው ከልቡ መከራቸው። "ከሰሉን ቶሎ ቶሎ ለውጡ። ከራሷ ዘይት በቀር የመኪና ዘይት እንዳታስነኳት። ከሁሉ በላይ ግን ይቺን የአየር መሳቢያ ቱቦ ጭስ ከሚወጣበት ከማርሚታው አርቃችሁ፣ ነፋስ ከሚመጣበት በኩል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት። የገዛ ጭሷን ከሳበች ከጉድጓዱ አየር አትሻልም። እሱም ሳይታወቅ ነው የሚያስተኛው።"

ሙስዐብ ራሱን ነቀነቀ። ቶይባ ግን ቃል በቃል ያዘችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል?

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሩ እናት እሷ ሆነች። መርሳ ያለ አንድ መካኒክ "ዘይት ዘይት ነው" ብሎ የተቃጠለ ዘይት ቢሰጣት እሱው ፊት መሬት ላይ ደፋችው። ቱቦውን አይጥ እንዳይበላው ጣራ ላይ ሰቀለችው። ጎረቤት "ቶይባ ከባሏ ይልቅ ለሞተሩ ታዝናለች" እያለ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ቤት መቀመጥ ቀረ፤ ባሏ በሄደበት ትሄዳለች። ሙስዐብ ከመውረዱ በፊት ጭምብሉን መጀመሪያ እሷ ታጠልቅና ቢስሚላህ ብላ መቶ ያህል ትተነፍሳለች። ራሷን ካላዞራት፣ አፏን ዘይት ዘይት ካላላት፣ "ውረድ" ትለዋለች። በዓመት ተኩል ውስጥ አሥራ አራት ጉድጓድ ወረደ፣ አሥራ አራቴም ወጣ። ፍርሃቷ ግን አንድ ጋት አልቀነሰም።

አሥራ አምስተኛው ከመርሳ ብዙም በማትርቀው ውርጌሳ ነው፤ ግንቦት ላይ። የጉድጓዱ ባለቤት እትዬ አለሚቱ የሚባሉ ባል የሞተባቸው እናት ናቸው። ጉድጓዳቸው በደለል ተሞልቶ ውኃው ሸሽቶባቸዋል። ሙስዐብ ኩራዝ በገመድ አወረደ፤ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ጭል ብሎ ጠፋ። ክፉ አየር አለ ማለት ነው። ሞተሩ ተነሣ፤ የአየር መሳቢያው ቱቦ ራቅ ብሎ ከነፋሱ በኩል ግራር ላይ ተሰቀለ፤ ቶይባ መቶዋን ተነፈሰች። ሙስዐብ ወገቡን በወፍራሙ ገመድ ታስሮ በመዘውር ወረደ። ቀጭኗን ሲባጎ ደግሞ ቶይባ እጇ ላይ ጠመጠመች። አንዴ ከጎተተ ደህና ነኝ ነው፤ ሁለቴ ከጎተተ አውጡኝ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል እትዬ አለሚቱ መጡ። "ልጄ፣ ነይ እህል ቅመሺ።"

"አላህ ይስጥልኝ እትዬ፣ እሱ ሲወጣ አብረን እንበላለን።"

"ለእሱም አለ። አንቺ ከጧት ጀምሮ ቆመሻል።"

"አይሆንልኝም እትዬ።"

አሮጊቷ ፊታቸው ወረደ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ዶሮዋን ሙስሊም ጎረቤቴን ጠርቼ ነው ያሳረድኳት። ድስቱም ሰሃኑም የእነሱ ነው፣ ከእኔ ዕቃ አንድም አልነካውም። የክርስቲያን ቤት ነው ብለሽ ከሆነ..." አሉ።

ምን ትሁን? በወሎ ምድር ይህን ያህል ለተጨነቀ ሰው እምቢ ማለት ፊት ላይ እንደመትፋት ነው። የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ኧረ በአላህ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ!" አለች ቶይባ። መዘውሩ ጋ የቆመው የአሮጊቷ የወንድም ልጅ አስፋው ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው ጭምት ገበሬ። ሲባጎውን ከእጇ ፈትታ ሰጠችው። "ከእጅህ እንዳታወጣው አደራ። ሁለቴ ከሳበ ጥራኝ።"

"አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁ" አለ።

ቤቱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ቶይባ የመደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ዓይኗ በሩ ላይ፣ ጆሮዋ ሞተሩ ላይ። እትዬ አለሚቱ አጎረሷት። ልትነሳ ስትል "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብለው ሁለተኛ ደገሙ። ይህን ጊዜ ያልታሰበ የግንቦት ዶፍ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። እትዬ አለሚቱ "ተመስገን" አሉ። ቶይባ ግን ጆሮዋን ወደ ውጭ አቀናች። የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል፤ አልጠፋም፣ ግን አፉን በጨርቅ እንደታፈነ ሰው ሆኗል።

የጎረሰችውን ሳትውጥ ወጣች።

ሞተሩ የለም። በቦታው ትልቅ ሰማያዊ ሸራ በችካል ተወጥሮ፣ ከሥሩ ጭስ እያዘገመ ይወጣል። አስፋው ዝናቡ ልብሱን አጣብቆበት ፈገግ ብሎ ቆሟል።

"ከዝናብ አዳንኩላችሁ" አለ። "የአየር መሳቢያውንም ውኃ እንዳይገባበትና እንዳያንቀው ብዬ ከዛፉ አውርጄ ከሸራው ሥር አስገባሁት።"

"ሲባጎው የታለ?"

ሸራውን ሲወጥር እጁ አልበቃ ብሎት ከመዘውሩ እንጨት ላይ አስሮት ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ቶይባ ተንደርድራ ሲባጎውን አንዴ ሳበች። መልስ የለም። ደገመች። ከታች አንድም ነገር አልመለሰላትም።

"ሞተሩን ላጥፋው?" ብሎ ጮኸ አስፋው፣ ነገሩ ገና ሲገባው።

"እንዳትነካው!" ብታጠፋው ታች ያለው ክፉ አየር ይጨርሰዋል፤ ብትተወው የሞተሩ ጭስ ይጨርሰዋል። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ! ሸራውን ከነችካሉ ነቅላ ወረወረችው። የመሳቢያውን ቱቦ አፍ ይዛ ነፋሱ ወደሚመጣበት ሮጠች፤ ቱቦው እስከሚችለው ተዘረጋ፤ ክንዷን አንስታ አፉን በነጠላዋ ከዝናብ ከልላ ወደ ሰማይ ያዘችው። "ጎትቱት! አውጡት!"

አስፋው ግን ኮቱን አውልቆ ጥሎ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኳል። "እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔው እወርዳለሁ!"

"ከወረድክ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው!" አለችው፣ ድምፅዋ ለራሷም እስኪያስፈራት። "ወንድ ከሆንክ መዘውሩን ያዝ!"

ያዘ። እትዬ አለሚቱም ከቤት ወጥተው በዚያ ዕድሜያቸው እጀታውን ከሌላው ጎን ያዙ። መዘውሩ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ቶይባ መርዳት አልቻለችም፤ ቱቦውን ከለቀቀች ትንፋሹን መልቀቋ ነው። ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ በዝናብ ውስጥ፣ እጇን ወደ ላይ አንስታ ቆመች። ባሏን ማየት አትችልም። የምታየው የአሮጊቷን ፊት ብቻ ነው። ክንዷ ዛለ፣ ሽንቷን ልትለቅ ምንም አልቀራት። ዓመት ተኩል ሙሉ የፈራችው ፍርሃት ሁሉ ለካ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ኖሯል። ሚስባህን አሰበች፣ ግድግዳ ተደግፎ። አሮጊቷ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"እትዬ! ምን አዩ? ይንገሩኝ!"

አስፋውና አሮጊቷ ከባድ ነገር ይዘው ወደ ኋላ ወደቁ። ከዚያ ጭምብሉ ሲወልቅ አየች፤ ቀጥሎ ሳል ሰማች፤ ቀጥሎ ማስመለስ። ቱቦው ከእጇ የወደቀው ያኔ ነው።

በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ በሚኒባስ እስከ ወልድያ አደረሱት። ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉለት። ሐኪሙ "ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ" ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። አስፋው በር ላይ ተቀምጦ ይነፋረቃል፤ ቶይባ ወጥታ "አንተ ምን አወቅህ፣ ለበጎ ብለህ ነው" አለችው። ከልቧ ነው፤ ለራሷ ግን ይህን ማለት አቃታት።

አመሻሹ ላይ ሙስዐብ ዓይኑን ገለጠ።

"ሁለቴ ሳብኩ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ራሴን ሲያዞረኝ ሁለቴ ሳብኩ። ደግሜም ሳብኩ። አልያዝሽውም ነበር?"

ዝናብ ነበር ልትል ትችል ነበር። አስፋው ነው ልትል ትችል ነበር፣ ውሸትም አይሆንም።

"እየበላሁ ነበር" አለች።

ስድቡን ጠበቀች፤ እንዲያውም ፈለገችው፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

"ምን ነበር?"

"ዶሮ።"

"ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አለች።

"እንኳን በላሽ። ከጧት ጀምሮ ቆመሽ ነበር።" ይህን ብሎ ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ነርሷ ገብታ "አሁን ደህና ነው፣ ሂጂና ረፍት አድርጊ" አለቻት። ቶይባ አልሰማቻትም። ጣቷን ከአፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትቆጥር ነበር።