አንዱን አረንጓዴ ድንጋይ ከሌላው ለማጣመር፦ ከጅማ እስከ ኡካ

ጅማ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ሞልቷል። ቦርሳዬ ውስጥ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ማጉያ መነጽርና በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ቱርማሊን የሚባል አንድ አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ አለ። አዲስ አበባ የምሠራ ወርቅ ሠሪ ነኝ፤ ማታ ጅማ አድሬያለሁ። መቱ ላይ ጨርቅ የሚነግዱት እትዬ አበበች እሑድ ለምትዳረው ልጃቸው የጆሮ ጌጥ አዘውኛል። እሳቸው ያላቸው አንድ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ፎቶውን በስልክ ልከው አቻውን ፈልግልኝ አሉኝ። በፎቶ ቀለም እንደማይመረጥ አውቃለሁ። መረጥኩ።

ሁሩሙ፣ 7 ሰዓት

የገበያ ቀን ነው። ማር በባልዲ፣ ቡና በጆንያ፣ ጭቃ በየቦታው። ሾፌሩ በማጉያው ምን እንደማይ ጠየቀኝ። ለጆሮ ጌጥ ሁለት ድንጋይ ማመሳሰል ከባድ ሥራ መሆኑን በሰፊው አስረዳሁት። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣

«ሰው በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ጆሮ ነው» አለ።

ማጉያውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።

መቱ፣ 8 ሰዓት ተኩል

እትዬ አበበች ሱቅ ውስጥ፣ በመብራት ስር፣ ሁለቱ ድንጋዮች መንታ መሰሉ። ወደ ደጅ ይዣቸው ወጣሁ። የእኔው ወደ ሰማያዊ አደላ፤ የእሳቸው የዝናብ ማግስት ሣር ነው። ሁለቱንም መዳፋቸው ላይ ካገላበጡ በኋላ የሆነውን ነገሩኝ።

አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ከደቡብ ያመጡትን አንድ ድንጋይ ለሁለት አስቆርጠው ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ሰጡ። ሌላው ግማሽ ኡካ በምትኖረው በታናሽ እህታቸው በጫልቱ ቀለበት ላይ ነው። እህትማማቾቹ አባታቸው የት ይቀበሩ በሚለው ተጣልተው ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። ይህን አስቀድመው ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኩ።

«አዲስ አበባ ይገኛል ብዬ ነዋ።»

ኡካ ሂድ አላሉኝም። አትሂድም አላሉኝም። ድንጋያቸውን ግን መልሰው አልወሰዱም።

ኡካ፣ በማግሥቱ 3 ሰዓት

ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር አምስት ሆነን መጣን። እትዬ ጫልቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው ወረቀቱን ዘረጋሁ። ቀለበቱን ለማውለቅ ሞከሩ፤ ጣታቸው ወፍሯልና እምቢ አለ። እጃቸውን እንዳለ ከድንጋዩ አጠገብ አሳረፉት። ቀለሙ አንድ ነው። በድንጋዮቹ ውስጥ ያለው ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ካንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል።

«የላከችህ እሷ ናት?»

«ድንጋዩን ሰጥተውኛል» አልኩ። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም።

«ራሷ ለምን አልመጣችም?»

ድንጋዩ እሑድ ለምትዳረው ልጃቸው የጆሮ ጌጥ እንደሚሆን ነገርኳቸው። የምትዳረው የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ጠየቁኝ፣ ስሟን ነገርኳቸው። የአባታቸው እናት ስም ነው። ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «በሰው እጅ አልልክም» አሉ። አለቀ ብዬ ወረቀቴን ጠቀለልኩ። እሳቸው ግን የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፈኑ፣ በሩን ቆለፉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊቴ ወደ መናኸሪያው አመሩ።

መቱ፣ 7 ሰዓት

እትዬ አበበች ጨርቅ እየለኩ ነበር። ቀና ሲሉ ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ጫልቱ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ የኔ ጫልቱ ማለታቸው ነው።

እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ዘረጉ። ለሰላምታ መሰለኝ።

«አልወልቅ ብሎኛል» አሉ።

እትዬ አበበች ደንበኛቸውን ትተው ከጓዳ ውሃና ሳሙና አመጡ። እህታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ጣታቸውን ያሹላቸው ጀመር። አባታቸው ያረፉበት ቦታ አልተነሳም፤ የኡካ መንገድ መበላሸቱ ብቻ ተነሳ። ቀለበቱ በመጨረሻ ወጣ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ድንጋዩን ቀለበቱ ላይ የያዙትን አራት ጥቃቅን የብረት ጥፍሮች በጉጠት አንድ በአንድ አቃናሁ። ድንጋዩ ሳይሰነጠቅ መዳፌ ላይ ወደቀ።

ልነግራቸው ዞርኩ። ሳሙናው ታጥቦ፣ ውሃው ተደፍቶ ነበር፤ እትዬ አበበች ግን የእህታቸውን እጅ እንደያዙ ናቸው።