መቀስ የተንጠለጠለበት ሜትር

በሰፈሩ የሴቶችን ወገብ ልክ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሐኪሙ አይደለም። ባሎችማ ጭራሽ አይደሉም፤ እነሱ ሚስታቸው ፀጉሯን መቆረጧን ለማወቅ እንኳ ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የምታውቀው ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮትና ሁለት የስፌት መኪና ባላት ክፍል ውስጥ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም። ቢጫው የጨርቅ ሜትር ቀን ቀን ከአንገቷ ስለማይወርድ ትንሹም ትልቁም «እትዬ ሜትር» ይላታል።

ማታ ሱቋን ስትዘጋ ሜትሩን ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች። መቀሷ እንዳይጠፋባት ደግሞ ከሜትሩ ጫፍ ታስረዋለች። መቀሱ የድሮ ብረት ነው፤ ለጨርቅ ሳይሆን ለዛፍ የተሠራ ይመስላል። ሱቁን ከከፈተችበት ቀን ጀምሮ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያ ብረት ሌሊቱን በዚያ ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ይህን ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ጭምር።

ደንበኛ ግን አጥታ አታውቅም። ሴቶች ሦስት ሰፈር አቋርጠው ይመጡላታል። ሲጠየቁ «ስፌቷ ስለሚያምር ነው» ይላሉ። ስፌቷ ደህና ነው፤ እንደማንም ሰፊ ስፌት ነው። የሚያምረው ልኬቱ ነው።

«ሰማንያ ስምንት!» ትላለች እትዬ ሜትር፣ መንገደኛው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«አትቀልጂ!» ትላለች የጂኦግራፊ አስተማሪዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ያኛው ሰፊ ዘጠና ሦስት ነው ያለኝ እኮ!»

«እሱማ እጁ ጠማማ ነው፣ እህቴ። የኔ እጅ ቀና ነው።»

የዓለምን ወንዞች ርዝመት በቃሏ የምትወጣ ሴት፣ በአምስት ሳንቲ ሜትር ምድር ተናወጠባት። እትዬ ሜትርም አልዋሸችም፤ ሜትሩ ያሳያትን ነው የተናገረችው። የሚቆረጠውም በዚያው ሜትር ስለሆነ ቀሚሱ ልክ ይሆናል፣ አስተማሪዋም በሰማንያ ስምንቷ ተኮፍሳ ትሄዳለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ይነገር፤ ዘውድ ወርዷል፣ ስንቱ ሹም ተሽሯል። የወገብ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ያለ ምርጫና ያለ ተቃዋሚ ይገዛል፤ ግብሩንም በተቀቀለ ጎመን ይሰበስባል።

ከግብር ከፋዮቹ ሁሉ ታማኟ ደግሞ ራሷ እትዬ ሜትር ነበረች። ቁመቷ መካከለኛ፣ ጎኗ ለጋስ ነው። ሱቁን የከፈተች ሰሞን ለራሷ ብላ ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛች። ያኔ አዲስ በነበረው በዚሁ ሜትር ወገቧን ለካች፤ መቶ ስድስት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ልትቆርጥ ስትል የባሏ እህት ከች አለች። ይህች ሴት ሰላምታዋ «ወፈርሽ» ነው፤ ስንብቷ «ተይ ቀንሺ»።

«አንቺ ልትለብሺው ነው እንዴ? እኔ እኮ የመጋረጃ መስሎኝ!»

ሳቀች፤ እትዬ ሜትርም አብራት ሳቀች። ከዚያ ጨርቁን አጥፋ ከመሳቢያው ሥር ቀበረችውና «መቶ ስገባ እሰፋዋለሁ» ብላ ማለች።

መሐላው አስራ አንድ ዓመት ፈጀ። ሌላው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ሕይወት ይጀምራል፤ እሷ በየሰኞው ጀመረች፣ በየረቡዑ ጨረሰች። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጣች። ዳቦን እንደ ጠላት ሸሸች፤ ዳቦ ግን ደግ ጠላት ስለሆነ ቤቷ ድረስ እየመጣ ታረቃት። ለግማሽ ከተማ እየሰፋች እሷ የምትለብሰው ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ድንኳን ነበር። ፎቶ ሲባል ደግሞ የሁሉንም ቦርሳ ሰብስባ ከአንሺው ጀርባ ትቆማለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አስራ ሁለት የቤተሰብ ፎቶ አለ፤ በአንዱም የለችም። ሐሰት አልናገርም፣ በአንዱ ክርኗ አለች።

ዘንድሮ አንድያ ልጇ በነርስነት ልትመረቅ ሆነ። ምረቃው ቅዳሜ ነው።

«እማዬ፣ እኔ ቦርሳ ያዥ አልፈልግም» አለቻት እሑድ ማታ። «ፎቶ ላይ ከጎኔ ትቆሚያለሽ።»

«ካፖርቴን ደርቤ ከኋላ ቆም እላለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ከኋላ አላልኩም። ከጎኔ! አንቺ ከሌለሽ እኔም አልነሳም። አስር ዓመቴ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አይቼ ‹አንቺ የት ሄደሽ ነው?› ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ‹ቦርሳ ይዤ› አልሽኝ።»

እትዬ ሜትር ሰኞ ማለዳ የሱቋን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይታ፣ ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ አዞረች።

መቶ!

ደግማ ለካች፤ መቶ። ትንፋሿን ሳትይዝ ለካች፤ አሁንም መቶ። በሁለቱ መኪናዎች መሀል በጠባቧ መተላለፊያ እስክስታ ወረደች። በጠመኔ ግድግዳው ላይ «100» ብላ ጻፈች። ጎመንን አመሰገነች፣ ሎሚን መረቀች፣ በዳቦ ላይ ፎከረች።

ማታ ልጇ ስጦታ ይዛ መጣች፤ አዲስ ሜትር፣ የማይለጠጥ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚያብለጨልጭ። «ያንን አሮጌ ገመድ ወዲያ በይው፣ ቁጥሩ እንኳ ተፍቋል።» እትዬ ሜትርም ስጦታው ለመቶዋ ክብር የሚገባ ነው አለች፤ ማክሰኞ ሰማያዊውን ጨርቅ ከአስራ አንድ ዓመት እስሩ ፈታችውና በአዲሱ ሜትር አስምራ ቆረጠች። ለሌላ ሴት ብትሰፋ ለመተንፈሻ አራት ሳንቲ ሜትር ትተዋለች፤ ለራሷ አንድ ብቻ ተወች። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ልብስ ሰፊ ቤት ደርሶ አያውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ልጇና የባሏ እህት ባሉበት ለበሰችው። ዚፑ እስከ ወገቧ በደስታ ሮጠ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ልጇ ሳበች። የባሏ እህት ሳበች። ዚፑ ወይ ፍንክች።

«እኔ ምን ብዬ ነበር?» አለች የባሏ እህት፣ ቀድማ ምንም ሳትል። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምን በላሽ?»

«ውሃ» አለች እትዬ ሜትር፣ ድምጿ ቀጥኖ። በዚያ ሳምንት ከእሷ የቀጠነው እሱ ብቻ ነው።

ልጇ ሁለቱን ሜትሮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ነርስ ናት፤ ከመጮኋ በፊት ትለካለች።

«እማዬ፣ ነይ እይ። የአሮጌው መቶ፣ በአዲሱ መቶ ስድስት ላይ ነው ያረፈው።»

ሦስቱም ቀና ብለው ሚስማሩን አዩ፤ ከሚስማሩ ሥር የተቀመጠውን ያንን ብረት መቀስ አዩ። ጉዳዩ ያለ ጠበቃ ተፈታ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሜትሩ ረዘመ እንጂ እሷ አልከሳችም። ጎመኑ እጁ የለበትም፤ ሎሚውም በነፃ ይሰናበት።

እትዬ ሜትር ዚፑ እንደተከፈተ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ሰኞ በዓይኗ መጣባት፤ ያ ሁሉ በረሃብ የተተኛ ማታ፣ ያ ሁሉ ቦርሳ። ከዚያ አንድ ነገር ገባት። መቶ ስድስት ገብታ፣ መቶ ስድስት ሆና ቀርታለች። ይህ ወገብ መኪና ላይ ጎብጦ ልጅ አስተምሯል፣ ቤት አቁሟል፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ሳንቲ ሜትር ከቃሉ ፈቀቅ አላለም። በዚህ ከተማ እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ማን አለ?

«አይዞሽ» አለች የባሏ እህት፣ የሐዘንተኛ ፊት አውጥታ። «ሆድ መጭመቂያ አለኝ፣ አውስሻለሁ። ትንፋሽሽን ከያዝሽ ይዘጋል።»

«እስከ መቼ ነው የምይዘው?»

«ፎቶ እስክትነሺ ነዋ!»

«ፎቶው ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት ይቆያል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት...»

«ሠላሳ ዓመት ትንፋሼን ይዤ ግድግዳ ላይ ልሰቀል? ሜትሬን እንዲህ ሰቅዬ ምን እንደሆነ አየሽ አይደል?»

ሰማያዊው ጨርቅ አልቋል፤ አምሳያው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። እትዬ ሜትር ከመደርደሪያው ቢጫ ጨርቅ አወረደች። ደንበኞቿ ሲወፍሩባት በቀሚሳቸው ጎንና ጎን ጨርቅ ትቀጥላለች፤ ግን ከቀለሙ ጋር አመሳስላ፣ እንደ ወንጀል ደብቃ። ይሄኛውን አልደበቀችም። ሁለቱንም ጎን ከብብት እስከ ጫፍ ፈታ፣ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ቢጫ አስገባችበት።

«ይታያል እኮ!» ጮኸች የባሏ እህት።

«እንዲታይ ነው።»

ዓርብ ጠዋት የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ለአዲስ ቀሚስ ልትለካ መጣች። አዲሱ ሜትር ዘጠና ሦስት አለ።

«ሜትርሽ ተበላሽቷል!»

«የበፊቱ ነበር የተበላሸው፣ እህቴ። ያውልሽ ሁለቱም፤ የቱን ትፈልጊያለሽ? ቀሚሱ እንደሆነ አንድ ነው የሚወጣው።»

አስተማሪዋ አዲሱን አየች፣ አሮጌውን አየች። «በአሮጌው ለኪኝ» አለች ቀስ ብላ። ነፃነት በአንድ ጠዋት አይመጣም።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በአበባና በእናቶች ተሞልቷል። እትዬ ሜትር ከልጇ ጎን ቆመች፤ እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም፣ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ቦርሳ ነበረበት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ።

«ማዘር፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበሉልኝ። ቀጠን ያደርግዎታል።»

ልጇ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ቀደመቻት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄን ጨርቅ አስራ አንድ ዓመት ነው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ግማሹን ልትተውብኝ ነው? ሙሉውን አንሳ።»

ልጇ ሳቀች፣ እሷም ሳቀች፣ እሱም በሳቃቸው መሀል አነሳቸው።

አስራ ሦስተኛው ፎቶ አሁን ሳሎኑ መሀል ተሰቅሏል። ሰማያዊና ቢጫ የለበሰች ሴት ፊት ለፊት ቆማ፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ እየተነፈሰች እንደሆነ ያስታውቃል። በፎቶው ጠርዝ ላይ ደግሞ ልብ ብሎ ላየ የአንዲት ሴት ክርን አለ። የባሏ እህት ናት፤ ሦስት ቦርሳ ይዛለች።