ሰልፉን የምታበላሸው ልጅ

የፕላስተር ሽታ ዛሬም ያናድደኛል። የልጄ ጉልበት በተላጠ ቁጥር አዲስ ጥቅል ስከፍት፣ ያ የላስቲክና የመድኃኒት ጠረን አፍንጫዬን ሲመታው፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የምቆርጠው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጉርድ ሾላ እንኖር ነበር፤ እናቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ግራ ዓይኔ ሰነፍ ነው ተባለና ሐኪሙ ደህናውን ዓይኔን ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ሰነፉ ይሥራ ብሎ አዘዘ። መጀመሪያ ዓለም ጭጋግ ሆነብኝ። አለቀስኩ፣ የውሃው በርሜል ጋር ተጋጨሁ፣ የሰፈር ልጆች "ዕውሯ" አሉኝ። እናቴ አልተቆጣችኝም። የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት የሱቁ ደጃፍ ከጎኗ አስቀምጣ የሳሙና መጠቅለያና የክብሪት ቀፎ እያቀበለች ታስነብበኝ ጀመር። የደንበኛውን ሸሚዝ ቀለም ስስት አብራኝ ትስቅ ነበር። ቀስ በቀስ የክብሪቱ ደቃቅ ጽሑፍ ከጭጋጉ ወጣልኝ።

ከዚያ የአብዮት በዓል ደረሰና የሰፈሩ ሕፃናት በየከሰዓቱ ቀበሌው ሜዳ ላይ ሰልፍ እንለማመድ ተባለ። ካድሬው ረድፉን እያየ መጥቶ ፊቴ ቆመ። "ይቺ ሰልፉን ታበላሻለች" አለና ፕላስተሩን መንጭቆ ጣለው። ቅንድቤን ይዞ ተነሣ። እናቴ ስትሰማ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ደረሰች። ሐኪም ያዘዘው ነው፣ የልጄ ዓይን ሊጠፋ ነው ብላ ለመነችው። እሱ አሻጥር ነው አለ። የሕፃን ዓይን መሸፈን፣ አሻጥር። እዚያው ቀበሌ አሰሯት።

ስትፈታ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ፕላስተሩን ለጥፋልኝ ኮቴ ከሰማች ራሷ መልሳ ታነሣዋለች። በኋላም ጭራሽ ተወችው። ሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ ዓይኔ ያገኘውን ሁሉ መልሶ አጥቶ ነበር።

እሷን አልተቀየምኳትም። ያንን ሰውዬ ግን በቅርቡ መገናኛ፣ አርጅቶ ታክሲ ሲጠብቅ አየሁት። ሰልፉ አማረልህ ወይ ልለው ፈለግሁ። አልፌው ሄድኩ።

እናቴ ልትሞት ሰሞን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ድንገት ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነችው።

"አሁን ታዪኛለሽ?" አለችኝ።

"አይሻለሁ፣ እማዬ።"

"ምን አስሬያለሁ?"

የሚታየኝ ደብዛዛ ጥላ ነበር። "አረንጓዴ ሻሽ" አልኳት። ጠዋት ያሰርኩላት እኔው ነበርኩ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። እጇን ግን ቶሎ አላነሣችም።